ሠርገኛ ሳይመጣ በርበሬው ይቀንጠስ

(የመግቢያ ዜማ፤ ማሲንቆ ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል።)

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፥ በላይ ጋይንትና በታች ጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ፥ ከጉና ተራራ ግርጌ አንሥቶ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ቆላ ድረስ፥ በየቤታችሁና በየአውድማችሁ፥ ገበያም ውላችሁ እንደ ሆነ በየመንገዳችሁ የምታዳምጡን ሁሉ፥ የዛሬው ትምህርታችን ለእናንተ ነው።

የዛሬው ነገራችን ስለ ሠርግ ነው። ነገር ግን ስለ ዘፈኑና ስለ እስክስታው አይደለም፤ ከዘፈኑ በፊት ስላለው ድካም ነው፤ ይልቁንም ተፈጥሮው ዝንጉ የሆነ፥ ነገርን በቅደም ተከተል መያዝ የማይሆንለት ሰው፥ ሠርጉን ያለ ጭንቀትና ያለ ኀፍረት እንዴት አድርጎ ሊያሰናዳ እንደሚችል ነው።

(አጭር ዕረፍት።)

አባቶቻችን «ሠርገኛ መጣ፥ በርበሬ ቀንጥሱ» ይላሉ። ሁላችንም ይህን ቃል ስንሰማ አድገናል፤ ስንናገረውም ኖረናል። እስቲ ግን ዛሬ ቆም ብለን እንጠይቅ፤ በዚያ ቤት የጠፋው ምንድን ነው? በርበሬው ጠፍቶ ነበርን? አልጠፋም፤ ቀንጥሱ የተባለው በቤቱ ስላለ ነው። ሰውስ ጠፍቶ ነበርን? ሰውም አልጠፋም፤ ቀንጥሱ ተብሎ የሚታዘዝ ሰው በጓዳው ሞልቷል። እንግዲያስ የጠፋው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አንደኛው ቀኑ ነው፥ ሁለተኛውም የሥራው ባለቤት ነው። በርበሬው የሚቀነጠስበት ቀን አስቀድሞ አልተቈረጠም፤ የሚቀነጥሰውም ሰው በስሙ አልተጠራም።

እነዚህን ሁለቱን፥ ቀንንና ባለቤትን፥ እባካችሁ በልባችሁ ያዙልኝ፤ ዛሬ የምንነጋገረው ሁሉ ከነዚህ ከሁለቱ አይወጣም።

ይህን ርእስ ያነሣንበት ምክንያት ከአንድ ወጣት አድማጫችን የደረሰን ጥያቄ ነው። ስሙንና ቀበሌውን እንዳንናገር አደራ ስላለን አንናገርም። ወጣቱ እጮኛውን በሽማግሌ አስጠይቆ፥ ቤተ ሰቧም ፈቅደውለት፥ ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ እንዲሆን ተነጋግረዋል፤ እርሱ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ አጥቷል። «እኔ ከብት ነድቼ ወጥቼ ማታ አንዱን ጥጃ ረስቼ የምመለስ ሰው ነኝ፤ ሠርግን የሚያህል ነገር በምን ጭንቅላቴ እይዘዋለሁ?» ይላል።

ወንድማችን ሆይ፥ በመጀመሪያ ልብህን አሳርፍ። መዘንጋት ኀጢአት አይደለም፤ ስንፍናም አይደለም። የሰው ጸጋው ልዩ ልዩ ነው፤ አንዱ ቈጣሪ ሆኖ ይፈጠራል፥ ሌላው ለጋስ፥ ሌላው የተጣላ አስታራቂ ሆኖ ይፈጠራል። ደግሞም ሠርጉን በጭንቅላትህ ተሸክመህ እንድትዞር የሚያዝህ ማንም የለም፤ የአገራችን ሠርግ ከጥንት ጀምሮ በአንድ ሰው ጭንቅላት ተይዞ አያውቅምና። በጭንቅላት የማይያዘውን ነገር ከጭንቅላት አውጥቶ በክርና በሰው ላይ ማሰር ይቻላል፤ እንዴት እንደሚታሰርም ወደ በኋላ እነግርሃለሁ።

(ማሲንቆ ለጥቂት ጊዜ ይሰማል።)

አሁን ስለ ቀን እንነጋገር።

ከቀን ሁሉ የሚቀድም አንድ ነገር ግን አለ፤ እርሱም የሙሽሪት ዕድሜና ፈቃድ ነው። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የአገራችን የቤተሰብ ሕግም ሆነ የክልላችን ሕግ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት ሳይሞላ ጋብቻ እንዳይፈጸም ይከለክላሉ። በዚህ በእኛ አገር ልጅን በለጋነቷ መዳር ስንት እኅቶቻችንን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ፥ ስንቶቹንም በወሊድ አሠቃይቶ እንዳለፈ በየቤታችን የምናውቀው ኀዘን ነውና፥ ይህን ሳልናገር ወደ ድግሱ እንድሻገር ነፍሴ አትፈቅድልኝም። ዕድሜዋ ደርሷልን? እርሷስ በራሷ አንደበት እሺ ብላለችን? ይህ ሳይረጋገጥ ጠላ አይጠነሰስ። ሽማግሌዎቹም እንደ ልማዳችን ሰባት ቤት ይቍጠሩ፤ ዝምድናው ይጣራ። የጋብቻውን ምስክር ወረቀት የሚሰጠውን የቀበሌውን የወሳኝ ኩነት ክፍልም አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ምን ምን ይዛችሁ መቅረብ እንዳለባችሁ ያስረዳችኋልና።

ከዚህ በኋላ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ፤ ወይም መሪጌታውን ጠይቁ። የድጓው ምስክር ቤተ ልሔም፥ የዝማሬ መዋሥዕቱም ምስክር ዙር አባ በሚገኙበት በእናንተ አገር ባሕረ ሐሳብ የሚያሰላ ሊቅ አይጠፋም። ለምን ትጠይቃላችሁ? ምክንያቱም የሠርግ ወራት በየዓመቱ እኩል አይደለም። ጾመ ነነዌ በአንዱ ዓመት ጥር 17 ቀን ትገባለች፥ በሌላው ዓመት ግን እስከ የካቲት 21 ቀን ልትዘገይ ትችላለች፤ ዐቢይ ጾምም ከእርሷ ሁለት ሳምንት ተከትሎ ይገባል። ስለዚህ ከጥምቀት እስከ ጾም ያለው ጊዜ በአንዱ ዓመት ሰፊ ሜዳ፥ በሌላው ዓመት ጠባብ በር ይሆናል። ዝንጉ ሰው አምና ያየውን ይዞ «ገና ብዙ ጊዜ አለ» ይላል፤ ዘንድሮ ግን ነነዌ ቀድማ ትገባና በሩን ትዘጋበታለች።

ደግሜ እናገራለሁ፤ አምና የነበረው ቀን ለዘንድሮ አይሆንም፤ በየዓመቱ ጠይቁ። ሥጋ የሚበላበት ቀን ረቡዕና ዓርብ እንዳይውልም ተጠንቀቁ። በጥር ያልደረሰለት ሰው ደግሞ አይቸኩል፤ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ያለው ወራት ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት በዓለ ሃምሳ ስለሆነ፥ ቀን መምረጥ ለማይሆንለት ሰው ከጥር ይልቅ የሚቀልለው እርሱ ነው። እኔ በበኩሌ ዝንጉ ወዳጅ ቢኖረኝ ወደ በዓለ ሃምሳ አሻግረው ነበር።

(አጭር ዕረፍት።)

ቀኑ ከተቈረጠ በኋላ ምን ይደረጋል? አብዛኞቻችን ከዛሬ ተነሥተን ወደ ሠርጉ ቀን እንቈጥራለን። «አንድ ወር አለ፥ ሦስት ሳምንት አለ» እያልን እንጽናናለን። ይህ ነው ስሕተቱ። መቍጠር የሚገባን ከሠርጉ ቀን ተነሥተን ወደ ኋላ፥ ወደ ዛሬ ነው። ይህንንም የሚያስተምረን ሌላ ማንም ሳይሆን ጠላው ነው።

ጠላ የሚጠምቁ እናቶች ይህን ያውቁታል፤ ወጣቶች ግን ጠላን ከዋንጫ ጀምረን እንጂ ከገብስ ጀምረን አናውቀውምና እስቲ አብረን እንመልከት። ገብሱ ተለቅሞ ይዘፈዘፋል፤ ከውኃው ወጥቶ በቅጠል ተሸፍኖ እስኪጐነቍል ይቈያል፤ ከዚያ በፀሐይ ይደርቅና ይፈጫል፤ ብቅል የሚባለው ይህ ነው። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ጢስ ይታጠናል፤ ጌሾው ተወቅጦ በውኃ ይጠነሰሳል፤ ጥንስሱ ጥቂት ቀን ከሰነበተ በኋላ ብቅሉና ቂጣው ገብተውበት ድፍድፍ ይሆናል፤ አሻሮው ይጨመራል፤ በመጨረሻም ውኃው ተሞልቶ አፉ ይደፈናል። ከነዚህ አንዱ እንኳ በልመና ወይም በገንዘብ ሊቸኩል አይችልም። ብር ያለው ሰው በሬ በአንድ ሰዓት ይገዛል፤ ድፍድፉን ግን ንጉሥም ቢሆን ይጠብቀዋል።

አሁን ወደ ኋላ እንቍጠር። ሠርጉ ጥር 23 ቀን ነው እንበል። ለብቅሉ፥ ለጥንስሱ፥ ለድፍድፉና ለመደፈኛው አራት ሳምንት ብንሰጥ፥ ገብሱ ውኃ የሚነካው መቼ ይሆናል? ታኅሣሥ 25 ቀን ነው። ገና በዓል ሳይደርስ፥ የነቢያት ጾም ሳይፈታ! እንግዲህ ያ ወጣት «ሠርጌ ከጥምቀት በኋላ ነው» ብሎ ሲዝናና፥ ሠርጉ ግን ከገና በፊት ጀምሯል።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ቍጥር ለሁሉም ስፍራ አንድ አይደለም። በጉና ግርጌ፥ ውርጩ በሚበረታበት ደጋ፥ ጥንስሱ ዘግይቶ ይደርሳል፤ በበሽሎ ቆላ ደግሞ ቶሎ ይደርሳል፥ ቶሎም ይኮመጥጣል። ስለዚህ የስማዳ ቆላ ሰው የላይ ጋይንትን ቍጥር አይዋስ፤ ጠላ ጠምቃ የምታውቅ የመንደሩን እናት ይጠይቅ።

(ማሲንቆ ለጥቂት ጊዜ ይሰማል።)

አሁን ቃል የገባሁላችሁን ክር ላውጣ።

አክስቴ በእስቴ ገጠር የኖረች፥ ፊደል ያልቈጠረች ሴት ነበረች፤ በመንደሩ ሠርግ ባለ ቍጥር ግን ሰው የሚሄደው ወደ እርሷ ነበር። ልጅ ሳለሁ የመጀመሪያ ልጇን ስትድር ያደረገችውን በዓይኔ አይቻለሁ። ባቄላ አንድ ሌሊት ዘፍዝፋ አሳደረች፤ ባቄላው ሲለሰልስ አንድ በአንድ በመርፌ እየወጋች በወፍራም የጥጥ ክር ላይ ሰካችው፤ ለሠርጉ የቀረው ቀን ስንት ነው? ያን ያህል ባቄላ። ሥራ በሚውልበት ቀን ግን በባቄላው ስፍራ ሽምብራ ሰካች። ክሩን እንደ መቍጠሪያ ቋጥራ በቤቱ ምሰሶ ላይ ሰቀለችው።

ማታ ማታ ቡና ሲፈላ ከልጆቹ አንዱ ተነሥቶ አንዲት ፍሬ ከክሩ ያወጣል። ባቄላ ከሆነ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሽምብራ ሲሆን ግን «ሽምብራ መጣ!» ብሎ ይጮኻል፤ ያን ጊዜ ቤቱ ሁሉ ቀና ይላል። አክስቴም «ነገ ገብሱ ይዘፈዘፋል» ወይም «ነገ ጤፉ ወፍጮ ቤት ይወርዳል» ትላለች። ይህችን ሴት ሠርግ ያስጨነቃት ጊዜ አላየሁም፤ አልረሳችም ለማለት አይደለም፤ ብትረሳም ክሩ አይረሳላትም ነበር።

የትኛው ሥራ ሽምብራ ይሰካለት? ገብሱ አንድ፥ ጥንስሱ አንድ፥ ድፍድፉ አንድ። በርበሬው ተቀንጥሶ፥ ደርቆ፥ ተደልዞ የሚያልቅበት፥ እንዲሁም ቅቤው የሚነጠርበት። እንጨቱ፤ እንጨት ርጥብ ሆኖ በሠርጉ ዋዜማ ቢመጣ ለጢስ እንጂ ለወጥ አይሆንምና ቀደም ብሎ ይፈለጥ። ወፍጮው፤ በጥር ወፍጮ ቤት የሚሰለፈው ባለ ሠርግ ብዙ ነው። ከዚያ የእድሩ ዕቃ፥ ከዚያ ዳሱ፥ በመጨረሻም የእንጀራ ጋገራው።

ከአክስቴ የተማርሁት ሌላም አለ፤ እርሱም ከሁሉ ይልቅ ለዝንጉ ሰው የሚበጅ ይመስለኛል። በክሩ መጨረሻ አጠገብ፥ ከሠርጉ በፊት ባለው ሳምንት፥ ምንም ሥራ የማይውልባቸው ሁለት ባቄላዎች ነበሩ። «እነዚህስ?» ብዬ ብጠይቃት «የእግዜር ቀን ናቸው» አለችኝ። ትርጓሜው የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ወፍጮው ሊሰበር ይችላል፤ መብራት ሊጠፋ ይችላል። ከሁሉ ይልቅ በመንደሩ ሰው ሊሞት ይችላል፤ ያን ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ ለቅሶ ይቀመጣል፥ የእድሩ ድንኳንና ድስትም ከሠርግ በፊት ወደ ኀዘንተኛው ቤት ይሄዳል፤ መሄድም ይገባዋል። ቀኑን ሁሉ ሥራ ሞልቶ የቈጠረ ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ ይሰበራል፤ የእግዜር ቀን የተወ ግን ለቅሶውንም ይደርሳል፥ ሠርጉንም ይደግሳል።

(አጭር ዕረፍት።)

አድማጮቻችን፥ አንደኛው ነገር ቀን ነው ብለን ነበር፤ ጨረስን። ሁለተኛው ምን ነበር? አዎን፥ ባለቤት ነው።

ስለዚህ ስናገር በገዛ ቤተ ሰቤ የደረሰውን ልንገራችሁ። የወንድሜ ሠርግ ዕለት ሰንጋው ተጥሏል፥ ጠላው ተጣርቷል፥ እንጀራው በየሞሰቡ ተደርድሯል። ማለዳ ወጥ ቤት ያሉት ሴቶች «ውኃ አምጡ» አሉ። ውኃ የለም። ታላቅ ወንድሜ የአጎቴ ልጆች ያስቀዱ መስሎት ነበር፤ የአጎቴ ልጆች ጎረቤቶቹ አህያ የጫኑ መስሏቸው ነበር፤ ጎረቤቶቹም ይህን ያህል ዘመድ ባለበት ቤት ውኃ ይጐድላል ብለው እንዴት ያስቡ? ጥር ስለሆነ የቅርቡ ምንጭ ሳስቷል፤ አህዮቹ ወደ ሩቁ ወንዝ ወረዱ። እድምተኛው በዳሱ ተቀምጦ ፀሐይ አናት ላይ እስክትደርስ ጠበቀ። እናቴ በጓዳው በር ቆማ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና መንገዱን ትመለከት ነበር፤ ያን ፊቷን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

በዚያ ቤት ሰነፍ አልነበረም። ሁሉም ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ ነው። ነገር ግን የሁሉ የሆነው ሥራ የማንም አልነበረም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሎሚው ጌጥ የሚሆነው እያንዳንዱ ሰው የእርሱ ሎሚ የትኛው እንደ ሆነ ሲያውቅ ነው፤ ያለዚያ ሃምሳ ሰው ቆሞ ሎሚው መሬት ላይ ይቀራል።

ይህን የቀደሙት ነገሥታትና እቴጌዎች ያውቁት ነበር። በ1880 ዓ.ም. የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስትመረቅ እቴጌ ጣይቱ ያስደገሱት ታላቅ ግብር በታሪክ የሚነገር ነው። ያን የመሰለ ግብር እንዴት ይሰናዳ ነበር? በቤት በቤት ተከፍሎ ነዋ! ጠጅ ቤት ለብቻው፥ እንጀራ ቤት ለብቻው፥ ወጥ ቤት ለብቻው ነበር፤ በየቤቱም ተጠያቂ አለቃ ነበረበት። እንግዳ የሚያስገባና የሚያስቀምጥ አጋፋሪ፥ መጠጥ የሚያድል አሳላፊ ነበረ። ጠጅ ቤቱ ስለ እንጀራው አይጨነቅም፤ አጋፋሪውም ድስት አይከፍትም።

እኛም በአቅማችን ይህንኑ እናድርግ። ወጥ ቤት፥ እንጀራ ቤት፥ ጠላ ቤት ይኑር፤ እኔ ደግሞ ስለ ደረሰብኝ ነገር አራተኛ ቤት እጨምራለሁ፤ እርሱም የውኃና የእንጨት ቤት ነው። በየቤቱ አንድ አለቃ ይሾም። ስንት? አንድ። ሁለት አይሁን። መሾሙም በልብ አይደለም፤ ቡና ተፈልቶ፥ ሰዎቹ ተሰብስበው፥ በሁሉ ፊት ስም ይጠራ። ከዚያ በኋላ ደጋሹ እንዲህ ብሎ ይፈትን፤ «የጠላ ቤቱ አለቃ ማን ናት?» መልሱ የአንዲት ሴት ስም ከሆነ ነገሩ አልቋል። መልሱ «እኛ አለን፥ ምን ቸገረህ» ከሆነ ግን፥ ወንድሜ፥ ሥራው ገና አልተሰጠም፤ ደግመህ ጠይቅ።

ይህን ልድገመው፤ ስም ያልተጠራለት ሥራ አልተሰጠም።

(ማሲንቆ ለጥቂት ጊዜ ይሰማል።)

ጥር 12 ቀን ቤተ ክርስቲያናችን የቃና ዘገሊላን በዓል ታከብራለች፤ በሠርጋችን ወራት መካከል። ወንጌሉ ሲነበብ ብዙ ጊዜ የምንደነቀው በተአምራቱ ነው፤ የሚገባም ነው። ነገር ግን እንደ ደጋሽ ሆናችሁ አንድ ጊዜ ብታነቡት ሌላም ታገኛላችሁ። በዚያ ሠርግ ሙሽራው የወይኑን ማለቅ እንዳወቀ አልተጻፈም። ግእዙ ሊቀ ምርፋቅ የሚለው የድግሱ አለቃም እንዳወቀ አልተጻፈም፤ ወይኑ ከወዴት እንደ መጣ እንኳ ሳያውቅ ቀመሰው። መጕደሉን አስቀድማ አይታ የተናገረች እመቤታችን ናት፤ ነገሩን ያወቁትም ውኃውን የቀዱት አገልጋዮች ናቸው። እንግዲህ በየድግሱ ከአለቆቹ ሌላ፥ እጇ በምንም ሥራ ያልተያዘ፥ ሥራዋ ማየት ብቻ የሆነ አንዲት አስተዋይ እናት ያስፈልጋል። እርሷ ድስት አታማስል፥ እንጀራ አትጋግር፤ ከጓዳ ወደ ዳስ፥ ከዳስ ወደ ጠላ ቤት እየተመላለሰች የጐደለውን ትይ፤ ሳይጐድልም ትናገር። እንዲህ ያለችውን እናት ሰዎች «ምነው ቆማ ትዞራለች?» ብለው ቢያሙባት አትስሟቸው።

(አጭር ዕረፍት።)

ስለ ወጪው ጥቂት ልናገርና ልጨርስ፤ ጥቂት የምለውም ነገሩ ቀላል ሆኖ ሳይሆን ግልጽ ስለ ሆነ ነው። ቀኑን የማይቈጥር ሰው ገንዘቡንም አይቈጥርምና።

ጥር አታላይ ወር ነው። አዝመራው ገብቷል፥ ጎተራው ሞልቷል፤ በዚህ ወር ሁሉም ሰው ባለጠጋ ይመስለዋል። ነገር ግን በጋይንትና በስማዳ ክረምቱ ሲገባ ጎተራው ምን እንደሚመስል ከእናንተ የበለጠ ማን ያውቃል? ስለዚህ የእድምተኛው ቍጥር ከመነሣቱ በፊት ዘሩና የክረምቱ ቀለብ ይለይ፤ ተለይቶም በሌላ ጎታ ይታተም። ድግሱ ከተረፈው ይደገስ። የእርሻው በሬ ከማረሻው ወጥቶ ወደ ማረጃ አይሂድ፤ አዲስ ጎጆ የሚወጡት ልጆች በሰኔ በምን ሊያርሱ ነው? በሦስት ቀን የሚረሳ ሥጋ ለሦስት ዓመት ዕዳ ሲሆን አይተናል፤ የዕዳውም ባለቤት ሙሽሮቹ ናቸው። ጥሪውን በቤት ቍጠሩት እንጂ በወሬ አትቍጠሩት፤ «ይህ ቤት ስንት ሰው ይልካል?» ብላችሁ ጠይቁ። የቀረ ቢቀየም በመልሱና በቅልቅሉ ቀን ይካሳል።

በአዲስ አበባ ወይም በውጭ አገር ሆናችሁ ሠርጋችሁን በአገራችሁ ለመደገስ የምታስቡም ብዙዎች ናችሁ። ገንዘቡን ትልካላችሁ፥ በስልክም ለአሥር ሰው ታዛላችሁ፤ አሥሩም «እሺ» ይላሉ፤ የውኃው ነገር እንደ ሆነው ይሆናል። ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት አንድ ሰው ሹሙ፤ ስልክ ስትደውሉም ለእርሱ ብቻ ደውሉ።

ሌላም ነገር አለ፤ ትንሽ ይመስላል፥ ግን ጎረቤት ያጣላል። ከእድሩና ከየቤቱ የምትዋሱትን ሳህንና ድስት ስትቀበሉ ቍጠሩት፤ የየቤቱንም በልዩ ልዩ ቀለም ክር እሠሩበት። የወይዘሮ እገሊት ቀይ፥ የእድሩ ነጭ ይሁን። ሠርጉ ባለቀ ማግስት ክሩን እያየ የሚመልስ አንድ ልጅ ይመደብ፤ እርሱም በስሙ ይጠራ።

የሠርጉ ዕለት ማለዳ ሙሽራው የጓዳውን ቍልፍ አይያዝ። ያ ወጣት አድማጫችን ይህን ይስማ፤ በዚያ ማለዳ ያንተ ሥራ መታጠብ፥ መልበስ፥ ከሚዜዎችህ ጋር መውጣት ነው። ወደ ጓዳ ዞረህ «ወጡ ምን ደረሰ?» ብለህ እንዳትጠይቅ። አለቆቹን ሾመሃል፤ አንዲት እናትም ሁሉን እያየችልህ ነው። እርሷን እመናት።

(የመዝጊያ ዜማ ቀስ ብሎ ይጀምራል።)

አድማጮቻችን፥ ከናንተ መካከል በዚህ ዓመት ልጃችሁን የምትድሩ፥ ወይም ራሳችሁ የምታገቡ ብዙዎች እንዳላችሁ እናውቃለን። ገብሳችሁ ተዘፍዝፏልን? የውኃ ቤታችሁ አለቃ ማን ይባላል? በየመንደራችሁ ቀን የሚቈጠርበት ሌላ ዘዴ፥ እንደ አክስቴ ክር ያለ ነገር ካለም ጽፋችሁ ላኩልን፤ በሚመጣው ሳምንት እናነብበዋለን።

እኛም እስከዚያ እንሰነባበታለን። ዛሬ ማታ ቡና ስታፈሉ ከልጆቻችሁ አንዱን አስነሡና አንዲት ፍሬ ከክሩ ያውጣ። ምን ወጣ፥ ባቄላ ነው ወይስ ሽምብራ?

(ማሲንቆ ከፍ ይላል፤ ዝግጅቱ ያበቃል።)